ቁመቱ መካከለኛ፣ መልኩ ጠይም

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሥራ ባልደረቦቼ ኬክ አስቆርሰው፣ የሐበሻ ቀሚስ አልብሰው ሸኙኝ። ንግግር ያደረገችው የመጨረሻዋ አለቃዬ፣ በዕድሜ ከመጀመሪያ ልጄ የምታንስ ሐኪም ናት። "እትዬ ስንዱ ከአንድ አጥንት ተነስተው የሰውን ቁመት የሚናገሩ ባለሙያ ናቸው፤ ተሳስተው አያውቁም" አለች፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ፈገግ ብዬ ቆምኩ እንጂ አላጨበጨብኩም። አንደኛ ነገር፣ ተሳስተን እናውቃለን። ሁለተኛ ነገር፣ ቀሚሱ አንድ ስንዝር ያህል ረዝሞብኝ ጫፉን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። የሰው ቁመት ስትለካ ለኖረች ሴት ቁመቷን ጠይቆ ቀሚስ የሚገዛ ሰው ጠፋ።

ሥራዬ ባጭሩ ይህ ነበር። ፖሊስ ማንነቱ ያልታወቀ አስከሬን፣ ብዙ ጊዜም አጥንት ብቻ ሲያመጣ፣ "ይህ ሰው በሕይወት ሳለ ቁመቱ ምን ያህል ነበር?" ለሚለው ጥያቄ ሐኪሙ መልስ እንዲሰጥ እለካለሁ። ዛሬ ዲኤንኤ መጥቷል። ወጣቶቹ ከዘመድ ትንሽ ደም ወስደው፣ ትንሽ ጠብቀው፣ ቁርጡን ይናገራሉ። እሰየው ነው። የእኔ የእንጨት መለኪያ ሰሌዳ ቁም ሣጥን ላይ ወጥቶ አቧራ ለብሷል። ከመውጣቴ በፊት ከልጆቹ አንዱ "እትዬ፣ ቆይ በፊት ለምንድነው ሰው ቤት ድረስ ትሄዱ የነበረው? ሰው ቤት ምን አጥንት አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። ልመልስለት ጀምሬ ሻዩ ቀዘቀዘ፤ አልጨረስኩለትም። እነሆ ልጨርስለት።

የተቀጠርኩት ሰበታ፣ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ሰገራና ደም በማይክሮስኮፕ ማየት ነበር ሥራዬ። አለቃዬ አቶ ደመቀ የሚባሉ፣ በሰዓት ጉዳይ ቀልድ የማያውቁ ሰው ነበሩ፤ በር ላይ ቆመው ነው የሚጠብቁን። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ተዛወርኩ፤ ትልቅ ሆስፒታል። ማንም የማይፈልገው ክፍል ክፍት ቦታ ነበረና ለአዲስ ገቢ ተሰጠ። አስከሬን ምርመራ። እናቴ ስትሰማ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ተቀመጠች። "ከሞተ ሰው ጋር ምን አላት? ማን ያገባታል?" አለች። ያገባኝ ሰው ግን ተገኘ፤ ለዘመዶቹ ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው ብሎ። ቡራዩ ቤት ሠራን፤ ጠዋት ማታ በታክሲ ተመላለስኩ። ደመወዙን አታንሱብኝ።

እዚያ ክፍል ነው ዶክተር አስፋውን ያገኘሁት። ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ድምፁ ቀስ ያለ ሰው ነው። መጀመሪያ ቀን ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጉትን አጥንቶች አየና "እንደምን አደሩ" አለ። እኔን መስሎኝ "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ። "አንቺን አይደለም፤ አንቺ ደግሞ እንዴት አደርሽ" አለኝ። ማንኛውንም አጥንት ዕድሜው እስኪታወቅ ድረስ አንቱ ነው የሚለው። "ታላቄ ሊሆኑ ይችላሉ" ይላል። ምርመራው አልቆ ወጣት መሆኑ ሲታወቅ ብቻ ነው "አይ አንተ ልጅ" ብሎ ወደ አንተ የሚመልሰው፤ ያን ጊዜ ድምፁ ይሰበራል። እኔም ተማርኩበት። እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ አንድም አጥንት አንተ ብዬ አልጀመርኩም።

ሌላው አመሉ ቁጥርን ብቻውን አለመጥራቱ ነው። "የዚህ ሰው ቁመት ስንት ነው?" ሲባል "ከዚህ እስከዚህ" እንጂ ነጠላ ቁጥር ከአፉ አይወጣም። "ቁመት ወለልና ጣራ አለው፤ ሰውየው መካከል ቆሟል" ይለናል። ይኼው አመል ኑሮው ውስጥ ገብቶ ነበር። ሻይ ቤት አስተናጋጇ ስኳር ስንት ላድርግ ስትለው "ከአንድ እስከ ሁለት" ይላታል። መቼ ይመጣሉ ሲባል "ከሦስት እስከ ሦስት ተኩል"። ባለቤቱ አንድ ቀን "ምሳ ከምን እስከ ምን ላቅርብልህ?" አለችው ተብሎ ክፍላችን ውስጥ ሲሳቅ ኖሯል።

አለካኩ ትዕግሥት ይፈልጋል። ከሁሉ የሚታመነው የጭን አጥንት ነው፤ ቀጥሎ ቅልጥም። እጅ ብቻ ከተገኘ በእጅም ይሠራል፤ ያን ጊዜ ግን ወለሉና ጣራው ይራራቃል። ሰሌዳው ላይ አጥንቱን አጋድመሽ፣ አንዱን ጫፍ ከማይነቃነቀው ግድግዳ ታስጠጊያለሽ፤ በሌላው ጫፍ ተንሸራታቹን እንጨት እስኪነካ ታመጪያለሽ። አጥንቱን ቀስ አድርገሽ ከፍ ዝቅ፣ ግራ ቀኝ ታደርጊዋለሽ፤ የሚበልጠውን ርዝመት እስኪሰጥሽ። ዶክተር አስፋው እኔ የለካሁትን ሳያይ እንደገና ይለካል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንደገና ያስለካኛል። ሦስቱ ካልተስማሙ ነገም አለ። ከዚያ ቀመሩ ውስጥ ይገባል። ለዕድሜ ትንሽ ይቀነሳል፤ ሰው ሲያረጅ ያጥራልና። ሰው ጠዋት ከማታ ይረዝማል፤ ተኝቶም ቆሞ ከሚለካው ይበልጣል። ይህን ሁሉ ስማር "ታዲያ ቁመት የሚባል ነገር አለ ወይ?" ብዬው ነበር። ደስ አለው። "አሁን ገባሽ" አለኝ።

ቀመሩ ከውጭ አገር ሰዎች አጥንት የተሠራ ነበርና አያምነውም። የእኛ ሰው ቅልጥም በዚያ ቀመር ሲሰላ ባለቤቱን ያስረዝመዋል ብሎ ይጠረጥራል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔን አስከትሎ ሱሉልታ ይወጣ ነበር፤ የሯጮችን ቅልጥም ለመለካት። ልምምዳቸውን ጨርሰው ከአስፋልቱ ዳር ሲያርፉ ሜትሩን ይዞ ይጠጋቸዋል። ልጆቹ ደግሞ እግራቸውን በፍቅር የሚያይ ሰው ሲያዩ የሚያስቡት ሌላ ነው። "ማኔጀር ነህ እንዴ? የየት አገር ውድድር ነው?" ይሉታል። ሐኪም መሆኑን ሲነግራቸው ፊታቸው ይጠወልጋል፤ የየትኛው ክፍል ሐኪም እንደሆነ ሲሰሙ ደግሞ ይበተናሉ። አንድ ቀን የአንዱ ሯጭ እናት ደርሳ ሜትሩን ከእጁ ነጠቀችው። "ልጄን በቁሙ ምን ልትለካው ነው? ሰው የሚለካው ለጉድጓድ ነው" አለችው። ዶክተር አስፋው ይቅርታ ጠይቆ፣ በዚያው ሜትር የራሱን ቅልጥም ለክቶ አሳያት። አየችው አየችውና "አንተስ ብትሆን እናት የለህም?" ብላ ሜትሩን ጠቅልላ ኪሱ ከተተችለት። እየሳቅን ተመለስን። ቢሆንም በዚህ ሁኔታ ስንት ቅዳሜ ተመላልሶ ለእኛ ሰው የሚሆን የራሱን ማስተካከያ አወጣ።

አጥንቱ ድርሻውን ከሰጠ በኋላ ግማሹ ሥራ ይቀራል። ሰው የጠፋበት ቤተሰብ የጠፋውን ሰው ቁመት መናገር አለበት፤ ሁለቱ ይመዛዘናሉ። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን የጠፋ ሰው ሁሉ ቁመቱ መካከለኛ፣ መልኩ ጠይም ነው። የአፋልጉኝ ማስታወቂያ አንብባችሁ እዩ። ረጅም ነው እንዳይሉ ዓይን ይፈራሉ፤ የራስን ሰው ማሞገስም ይመስላል። አጭር ነው እንዳይሉ ስድብ ይሆንባቸዋል። ስለዚህ መካከለኛ። ዶክተር አስፋው መጀመሪያ ላይ ዘዴ አምጥቶ ነበር፤ እኛን ሠራተኞቹን በቁመት ተራ ግድግዳ ተደግፈን እንድንቆም ያደርግና "ከእነዚህ ማንን ያህል ነበር?" ይላል። ማንም ጣቱን አይቀስርም። የሞተ ሊሆን የሚችልን ሰው በቆመ ሰው ላይ ማሳየት የማይሆን ነገር ነው። "ክፉ አይንካዎትና" ይላሉ፤ "ከሁላችሁም ይለያል" ይላሉ፤ አንገታቸውን ደፍተው መሬት ያያሉ። አንድ ሽማግሌ ሰልፋችንን አይተው "ልጆቼ፣ ተቀመጡ፤ እናንተን አያድርገውና" ብለው እኛው የሞትን ይመስል አለቀሱልን።

"ሰው አይዋሽም" አለ ዶክተር አስፋው ያን ዕለት። "ሰው ይሉኝታ አለው። ዕቃ ግን ይሉኝታ የለውም፤ ዕቃውን እንጠይቅ።" ከዚያ ወዲህ ነው ሰው ቤት መሄድ የጀመርነው። የጠፋው ሰው ኮቱን የሚሰቅልበትን ምስማር፣ የሚተኛበትን ቦታ፣ የሚለብሰውን ልብስ እናያለን። ከሁሉ በላይ የሚወደው ግን መስታወት ነበር። "ሰው መስታወት ሲሰቅል ዓይኑ ትክክል ላይ ይሰቅላል። ከወለል እስከ መስታወቱ መካከል ለክተሽ ከዓይን እስከ አናት ያለውን ጨምሪ፤ ሰውየው ቆሞልሻል" ይል ነበር። ብዙ ጊዜም ሠርቶልናል። በመስታወትና በምስማር ለስንት ቤት መርዶ አድርሰናል፤ ለስንት ቤት ደግሞ "የእናንተ አይደለም፣ ተስፋ አድርጉ" ብለናል። ይህን ሁለተኛውን ለመናገር እንዴት ደስ ይለን እንደነበር።

አሁን ወደ እትዬ ረህመት ቤት ልውሰዳችሁ።

እትዬ ረህመትና ባለቤታቸው ጋሽ ሸምሱ ፉሪ ላይ ምስማር፣ ቆርቆሮና ቀለም የሚሸጥ ሱቅ ነበራቸው፤ መኖሪያቸው ከሱቁ ጀርባ ነው። ልጅ አልወለዱም። ጋሽ ሸምሱ ስልሳውን ካለፉ በኋላ መርሳት ጀመራቸው። ደንበኛ ምስማር ሲጠይቅ ቀለም ያቀብላሉ፤ ሱቁን ከፍተው ዘግቻለሁ ይላሉ። አንድ ጠዋት ሱብሂ ሰግደው፣ ቁርስ ሳይበሉ ወጡ፤ አልተመለሱም። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ መስጊዱ ሁሉ ፈለገ። ክረምቱ አለፈ። መስቀል ካለፈ በኋላ ገፈርሳ፣ ከግድቡ በላይ ባለው ባሕር ዛፍ ውስጥ እንጨት ለቃሚ ሴቶች አጥንት አገኙ። ጉዳት የደረሰበት ሰው አይደለም፤ ዛፍ ተደግፎ ተቀምጦ የቀረ ሰው ነው። ከልብሱ የተረፈው የልባሽ ጨርቅ ሹራብ ቁራጭ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ሹራብ ግማሹ አገር ይለብሳል።

እትዬ ረህመት ወደ እኛ የመጡት ከጎረቤታቸው ከኦቦ ገመቹ ጋር ነው። ኦቦ ገመቹ በር የሚሞሉ ግዙፍ ሰው ናቸው፤ "አካም ጅርቱ፣ ዶክተር" ብለው ገቡና ወንበሩ አልበቃቸው አለ። እትዬ ረህመት ደግሞ ከእኔም ያጥራሉ፤ እኔ ራሴ ቤተሰብ የሚስቅብኝ አጭር ነኝ። እኔን ሲስተር ነው የሚሉኝ። ነርስ አይደለሁም ብዬ ሁለት ጊዜ አርሜያቸው ተውኩት።

"ጋሽ ሸምሱ ቁመታቸው እንዴት ነው?" አላቸው ዶክተር አስፋው።

"መካከለኛ" አሉ እትዬ ረህመት።

ኦቦ ገመቹ ዞር አሉ። "አዎ፣ መካከለኛ ነው። ዹጋ ነው፣ እውነት ነው" አሉ። ለኦቦ ገመቹ እንኳ ሰው ዛፍም መካከለኛ ነው።

"ፎቶ ይኖራል?"

የሠርጋቸውን ፎቶ አወጡ። ጋሽ ሸምሱ ተቀምጠዋል፣ እትዬ ረህመት ትከሻቸውን ይዘው ቆመዋል፤ የዚያን ዘመን ፎቶ ቤት ሁሉ እንዲያ ነበር የሚያነሳው። ከቁመት የሚነግረን የለም።

እትዬ ረህመት ፎቶውን መልሰው እየጠቀለሉ፣ "ዶክተር፣ እኔ ሚስት ልሁን መበለት ልሁን አላውቅም" አሉ። "ወንድሞቹ ዒዳሽን ተቀመጪ፣ ሞቷል ይሉኛል። ቁርጡን ሳላውቅ እንዴት ብዬ? ዛሬ ማታ በር ቢያንኳኳስ? በሕይወት ያለ ሰው ላይ ለቅሶ ተቀምጬ ባገኘኝስ? አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ይሁን ወይም አይሁን።"

ዶክተር አስፋው እነግርዎታለሁ አለ። በማግስቱ ፉሪ ሄድን። ቤቱ ንጹሕ፣ ግድግዳው ክሬም ቀለም ነው። ከጓሮው በር አጠገብ የእጅ መታጠቢያ አለ፤ ከላዩ መስታወት። "ማን ነው የሰቀለው?" አለ ዶክተር። "እሱ ነው፤ ጺሙን የሚያስተካክልበት ነው" አሉ እትዬ ረህመት። ለካን። ያ መስታወት አጭር ሰው ነው የነገረን፤ ከአንድ ሜትር ከሃምሳ አምስት ብዙ የማያልፍ። ዶክተር አስፋው ግን በአንድ ምስክር አይፈርድም። ልብስ እናይ አለ። ሁለት ጀለቢያ ወጣልን። ከትከሻ እስከ ጫፍ ስንለካ አጭር ናቸው፤ ከመስታወቱ ጋር ተስማሙ። ሱሪዎቹም አጭር ናቸው። ሁለት ምስክር ተገኘ። የገፈርሳው ሰው የጭን አጥንት ግን ከአንድ ሜትር ከሰባ አምስት እስከ ሰማንያ ሁለት ነበር የሚለው። ዕድሜ ብንቀንስ፣ ቀመር ብንጠራጠር፣ ይህን ያህል ልዩነት የሚያስታርቅ ነገር የለም።

እዚያው ጓሮ ቆሞ፣ "እትዬ ረህመት፣ ያገኘነው ሰው እሳቸው አይደሉም" አላቸው።

መሬት ላይ ቁጭ አሉና "አልሐምዱሊላህ" አሉ። ኦቦ ገመቹ እንደ ልጅ አለቀሱ። ለእኛም ሻይ ተፈላ፣ ብስኩት ቀረበ። ተመስገን እያልን ወጣን። የገፈርሳው ሰው ጠያቂ አልተገኘላቸውምና በማዘጋጃ ቤት መቃብር ተቀበሩ፤ ዶክተር አስፋው እንደ ልማዱ ጥርስና ቁራጭ አጥንት አስቀረ።

ዓመት አልፎ፣ ቡራዩ ያለው የግቢዬ አጥር ወደቀ። ቆርቆሮ ከየት ልግዛ ስል እትዬ ረህመት ትዝ አሉኝ፤ ሰበብም ፈልጌ ነበር መሰለኝ። ቅዳሜ ፉሪ ሄድኩ። ሱቁን እሳቸው ይዘውታል። አዩኝና "ሲስተር!" ብለው ከመደርደሪያው ወጡ። ከስተዋል። አሁንም በሩን ማታ ማታ ሳይቀረቅሩ ነው የሚያድሩት፤ ምናልባት ከመጣ ብለው። ምሳ ሳትበዪ አልለቅሽም አሉኝ፤ እጄን እንድታጠብ ወደ ጓሮ መሩኝ።

ታጥቤ ቀና ስል መስታወቱ ውስጥ ፊቴን አየሁ። ሙሉ ፊቴን፤ አገጬን፣ ግንባሬን፣ የራስ ጨርቄን። እኔ በሰው ቤት መስታወት ግንባሬ ብቻ የሚታየኝ ሴት ነኝ። በገዛ ቤቴ እንኳ ባሌ በሰቀለው መስታወት በእግሬ ጣት ቆሜ ነው የምኳኳለው። ቀና ብዬ ከመስታወቱ በላይ ግድግዳውን አየሁ። ክሬሙ ቀለም ላይ ጠቆር ያለ፣ የወዛ ቦታ አለ። መዳፍ የሚያህል። እጄን ዘርግቼ ልነካው ስል አልደረስኩም።

"እቺ እድፍ ምንድን ናት እትዬ ረህመት?"

"ተያት እሷን" አሉ፣ ፎጣ እያቀበሉኝ። "ግድግዳውን ሁሉ ሳጥብ እሷ ትቀርብኛለች። አልደርስባትም። በርጩማ ላይ ወጥቼ ልፈትጋት እልና ልቤ እንቢ ይላል።"

"እዚህ መስታወት ማነው ብዙ የሚጠቀም?"

"እኔ ነኛ። ኩሌን የምኳለው እዚህ ነው። እሱ ለጺሙ ጠዋት አንዴ ነው።"

ምሳውን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ቆርቆሮውን ሳልገዛ ነው የሄድኩት።

ሰኞ ለዶክተር አስፋው ነገርኩት። ኮቱን አንስቶ "እንሂድ" አለኝ። እትዬ ረህመትን ሰላም ብሎ እጄን ልታጠብ አላቸው። እሱ፣ ብያችኋለሁ፣ ረጅም ነው። መስታወቱ ፊት ቆመ፤ የሸሚዙ ቁልፍ ነው የታየው። ፊቱን ለማየት ጎንበስ አለ። ጎንበስ ሲል ቀኝ እጁ ራሷ ተነስታ ግድግዳውን ተደገፈች። መዳፉ ያረፈው እድፏ ላይ ነው። እንደዚያው ጎንብሶ ብዙ ቆየ። መስታወቱ ውስጥ ዓይኑን አየሁት፤ እንባ ሞልቶታል።

ቀና ሲል ሜትሩን አላወጣም። እትዬ ረህመትን አስቀመጣቸውና አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። "ጋሽ ሸምሱ ጀለቢያቸው እስከ የት ይደርስ ነበር?" አላቸው።

"ከቁርጭምጭሚት በላይ ነዋ። ባቱ ላይ። ሱናው እንደዚያ ነው፤ ሱሪውንም እኔ ነኝ የማሳጥርለት" አሉ፣ ይህን የማያውቅ ሰው አለ ወይ በሚል አስተያየት።

ዶክተር አስፋው ራሱን ነቀነቀ። "አጥንታቸው ተሰብሮ ያውቃል?"

"የግራ ትከሻው አጥንት፣ እዚህ" ብለው የራሳቸውን አንገት ሥር ነኩ፤ ወዲያው እጃቸውን አነሱ። "ልጅ ሆኖ ገፈርሳ ችግኝ ተከላ ይሠራ ነበር፣ የቀን ሥራ። እዚያ ወድቆ ነው። ሲበርደው ያመዋል።"

የገፈርሳው ሰው የግራ አንገት ሥር አጥንት ተሰብሮ የገጠመ ነበር። ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ራሳችን ነን የመዘገብነው። ግን ቁመት ወንፊታችን ነበር። በወንፊቱ ያላለፈውን ሰው ስለ ስብራት አንጠይቅም ነበር። ደግሞም አሁን የት ይሄዱ እንደነበረ ገባን። መርሳት የጀመራቸው ሰው ያን ጠዋት የወጡት ወደ ወጣትነታቸው ሥራ ነው።

"እትዬ ረህመት" አለ ዶክተር አስፋው። "ባለፈው ዓመት አይደሉም ያልኩዎት ሰው፣ እሳቸው ናቸው ብዬ አምናለሁ። የወንድማቸውን ደምና ያስቀረነውን ጥርስ ውጭ አገር ልከን እናረጋግጣለን፤ እስከዚያ ግን ልደብቅዎት አልችልም። የተሳሳትኩት በዚህ መስታወት ነው። ለራሳቸው ቁመት የሰቀሉት መስሎኝ ነበር።"

እትዬ ረህመት መስታወቱን አዩት። ብዙ አዩት። እንዲጮሁ፣ ደረታቸውን እንዲመቱ ጠብቄ አጠገባቸው ተጠጋሁ።

"እኔም እኮ" አሉ በመጨረሻ። "እኔም ለራሱ የሰቀለው ነበር የሚመስለኝ። ይኼን ቤት ስንገባ ነው የሰቀለው። ጎንበስ ሲል አይቼው ይሆናል፤ ማን ልብ ይላል? ወገቡን ሲያመው ዕቃ ማንሳት ነው እለው ነበር።" ከዚያ ነው እንባቸው የመጣው። "ይህን ያህል ዓመት ጎንበስ ብሎ። አንድ ቀን እንኳ ሳይነግረኝ።"

የደሙ ውጤት ሲመጣ እሳቸው መሆናቸው ተረጋገጠ። ከማዘጋጃ ቤቱ መቃብር ወጥተው በወግ በማዕረግ፣ በሙስሊም መቃብር አረፉ። ቀብሩ ላይ ከኦቦ ገመቹ ጎን ቆሞ ከፊት የቆፈረው ዶክተር አስፋው ነው፤ ማንም አልከለከለውም። እትዬ ረህመት ዒዳቸውን ተቀመጡ። በራቸውን ቀረቀሩ። መስጊዱም ጎረቤቱም መጣ፤ እኔም ቡና ይዤ ተመላለስኩ። ከዚያ ወዲህ ዶክተር አስፋው ለማንም ቤተሰብ "አይደለም" ብሎ በቁመት ብቻ አልመለሰም። መጀመሪያ ስብራቱን፣ ጥርሱን፣ የሚያመውን ይጠይቃል። ቁመትን መጨረሻ ላይ ያመጣዋል፤ ወለልና ጣራውን ሰፋ አድርጎ። "ዕቃም ይሉኝታ አለው ስንዱ" ይለኝ ነበር፤ "እኛ ነን ያላወቅንለት።" ጡረታ ሲወጣ ሰሌዳውን ለእኔ አስረከበኝ። ዛሬ ልደታ አካባቢ ልጁ ቤት ይኖራል፤ ስደውልለት መቼ ልምጣ ብለው አሁንም "ከአራት እስከ አምስት" ነው የሚለኝ።

በቀደም የጡረታ ቀሚሴን ላሳጥር ፉሪ ሄድኩ። ከእትዬ ረህመት ሱቅ አጠገብ ጎበዝ ልብስ ሰፊ አለ። ቀሚሱን ሰጥቼ እሳቸው ዘንድ ገባሁ። ለዒድ ቤቱን እያስቀቡ ነው፤ ቀለሙ ከራሳቸው ሱቅ፣ ፈዛዛ ሰማያዊ። ቀቢው ጎልማሳ ጓሮው ድረስ ጨርሷል፤ መስታወቱ ግን ከቦታው አልተነሳም፣ ከላዩም መዳፍ የምታህል ክሬም ቦታ ሳትቀባ ቆማለች።

"እማማ፣ እቺን ልጨርሳት እንጂ፤ ያስጠላል" አላቸው ቀቢው።

"ተዋት አልኩህ። የባለቤቴ ናት።"

ቀቢው ብሩሹን እንደያዘ እድፏን አየ፣ ወደ እትዬ ረህመት ቁልቁል አየ፣ እንደገና ወደ እድፏ አየ። እትዬ ረህመት ወደ እኔ ዞሩ።

"ሲስተር፣ ቁጥሩን ነግራችሁኝ አታውቁም። ቁመቱ ስንት ነበር?"

ከዚህ እስከዚህ ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ነጠላ ቁጥር ሰጠሁ። "አንድ ሜትር ከሰባ ዘጠኝ" አልኳቸው።

እትዬ ረህመት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀና ብለው ቀቢውን፣ ግድግዳውን፣ እኔንም አዩንና፣ ዓይን ሳይፈሩ፣ ጎረቤት እንዲሰማ አድርገው ተናገሩ።

"ረጅም ነው። ባለቤቴ በጣም ረጅም ሰው ነው።"